ሁለት ስም፣ አንድ ባክቴሪያ፦ «እናቴ ቲቢ አለባት ወይስ የለባትም?»

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ዘጌ ነው። ከስድስት ወር በላይ ያስላታል፤ ከስታለች፤ ሌሊት ያልባታል። አክታዋ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ፖዘቲቭ ተባለና የቲቢ መድኃኒት ተጀመረላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጂን ኤክስፐርት (ዘረመል በሚፈልገው ማሽን) ሲታይ 'ኤምቲቢ (የቲቢ ባክቴሪያ) አልተገኘም' አለ። አዲስ አበባ ተልኮ የነበረው ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) አሁን ሲመጣ 'ኤንቲኤም፣ ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ' ይላል። ኢንተርኔት ላይ ስፈልገው ደግሞ 'ማይኮባክቴሮይድስ አብሴሰስ' የሚል አገኘሁ። ሁለት ባክቴሪያ ነው ያለባት? ላብራቶሪው ነው የተሳሳተው? ቲቢ ነው አይደለም? አክስቴ ጥሬ ወተት ስለምትጠጣ ነው ትላለች። ቤት ውስጥ ሁለት ትንንሽ የልጅ ልጆች አሉ። መድኃኒቱን ታቁም?»

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። መድኃኒቱን እናንተ አታቁሙ። በራሳችሁም ሌላ አትጨምሩ። ወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስበህ በዚህ ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ወደጀመረው ሐኪም ሂድ፤ ውሳኔው የሱ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ሰው ነኝ። የኔ ሥራ ያ ወረቀት ምን እንዳለና ምን እንዳላለ መናገር ነው።

ሁለት ባክቴሪያ የለም። ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስና ማይኮባክቴሮይድስ አብሴሰስ አንድ ናቸው። ላብራቶሪውም አልተሳሳተም፣ ኢንተርኔቱም አልዋሸህም። የክርስትና ስምና የቤት ስም እንደማለት ነው ልልህ ነበር፤ ግን ልክ አይመጣም፤ እዚህ ሁለቱም ስሞች መዝገብ ላይ የሰፈሩ ናቸውና። የተሻለ ምሳሌ እዚሁ አጠገባችን፣ ዓሣ ገበያው ላይ አለ።

ጣና ዳር ዓሣ ለመግዛት ሦስት ስም ይበቃሃል፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ይሄ ነጭ ዓሣ የምንለው ግን ተመራማሪዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። በ1973 አንድ ተመራማሪ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የጣናን ትልልቅ ነጭ ዓሦች በሙሉ ሰብስቦ አንድ ዝርያ ናቸው፣ መልካቸው ነው የሚለያየው አለ። በ1990ዎቹ ሌሎች መጡና የአፋቸውን ቅርጽ፣ የሚበሉትን፣ የሚውሉበትን ቦታ እያዩ ኧረ 15 ያህል ዝርያዎች ናቸው አሉ። ቆየት ብሎ የወገናቸው ስም ራሱ ከባርበስ ወደ ላቢዮባርበስ ተዛወረ። በዚህ ሁሉ መሀል ታንኳው ላይ ያለው ዓሣ ምንም አልሆነም፤ ያው ዓሣ ነው። የወገን ስሙ መቀየር ለአጥማጁም ለበላተኛውም ምንም አላመጣም። የ15ቱ መለየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንዳንዶቹ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋባቸው ያልቃሉ። ሁሉንም በጅምላ ነጭ ዓሣ ብለህ ከቆጠርክ የትኛው እያለቀ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?

የእናትህም ወረቀት እንደዚያው ነው። የስሙ ፊተኛ ክፍል ላይ ያለው ጭቅጭቅ የምሁራን ነው፤ እንቅልፍ አይንሳህ። ከስሙ ጅራት ላይ የጎደለው ግን መድኃኒቱን የሚወስነው ነው፤ እሱን ደግሞ አንተም አልጠየቅክ፣ ወረቀቱም አልጻፈው። እመለስበታለሁ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ በአጭሩ። ሮበርት ኮህ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያሳወቀው ማርች 24 ቀን 1882 ነው። የሥጋ ደዌን ደግሞ ከሱ በፊት በ1873 ኖርዌይ ውስጥ አርማወር ሃንሰን አይቶት ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። በ1896 ሌማንና ኖይማን የሚባሉ ሁለት ጀርመኖች እነዚህን አንድ ወገን አድርገው ማይኮባክቴሪየም አሏቸው። «ማይኮ» በግሪክኛ ፈንገስ ማለት ነው። ፈንገስ ሆነው አይደለም፤ ፈሳሽ ላይ ሲያድጉ ጠላ ላይ እንደሚወጣ ሻጋታ ከላይ ስለሚጋግሩ ነው። ስሙ ገና ከጅምሩ በመልክ የወጣ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ወገኑ ውስጥ የሚገባው በዛ። በ1959 ራንየን የሚባል አሜሪካዊ የቲቢና የሥጋ ደዌ ያልሆኑትን በአራት ምድብ ከፈላቸው፤ ብርሃን ሲነካቸው ቢጫ የሚሆኑ፣ በጨለማም ቢጫ የሆኑ፣ ቀለም የሌላቸውና ቶሎ የሚያድጉ። ቶሎ ማለት በሰባት ቀን ውስጥ ነው። እኛ ተማሪ ሆነን ይህንን በቃላችን ሸምድደን ነው ፈተና ያለፍነው። ዛሬ ቀለሙን ማንም አይጠይቅህም፤ የዕድገቱ ፍጥነት ግን አሁንም ይሠራል። የእናትህ አብሴሰስ ከፈጣኖቹ ነው። የቲቢው ባክቴሪያ ከሳምንታት እስከ ሁለት ወር ያስጠብቃል።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። በ2018 ጉፕታና ባልደረቦቹ የብዙ ዝርያዎችን ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም ዘረመላቸውን በሙሉ፣ አነጻጽረው ማይኮባክቴሪየም የሚባለው ወገን አንድ ሳይሆን አምስት ነው አሉ። ቲቢው፣ የሥጋ ደዌውና ዘመዶቻቸው ማይኮባክቴሪየም ሆነው ቀሩ። የቀሩት ማይኮሊሲባክቴሪየም፣ ማይኮሊሲባክተር፣ ማይኮሊሲባሲለስና ማይኮባክቴሮይድስ በሚባሉ አራት አዳዲስ ወገኖች ተደለደሉ። አብሴሰስ የደረሰው የመጨረሻው ነው፤ ትርጉሙም «ማይኮባክቴሪየም የሚመስል» ነው። ይቺን ስም ሳያት ፈገግ እላለሁ፤ 65 ዓመት ሙሉ ማይኮባክቴሪየም ሲባል ኖሮ አንድ ቀን «የሚመስል» ተባለ።

የሳንባ ሐኪሞችና ላብራቶሪዎች ወዲያው ተነሱ። በ2019 በዘርፉ ስመ ጥር የሆኑ ሰዎች አዲሶቹን ስሞች ተዉአቸው ብለው ጻፉ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ልዩነቱ አምስት ወገን ለማድረግ አይበቃም፤ ደግሞ ሐኪም ቤት ውስጥ ስም በተቀየረ ቁጥር አንድ ሰው ይሳሳታል። በ2021 ሌላ ቡድን በበለጠ የጂኖም መረጃ ሠርቶ አምስቱ ወደ አንድ ይመለሱ አለ። እኔ ከነዚህ ጋር ነኝ። ተራ ላይ ያለች ነርስ አራት አምስት ፊደል ተቀይሮ ስታይ ሌላ በሽታ ቢመስላት አይፈረድባትም፤ አንተም መስሎሃል።

ታዲያ ዳኛው ማነው? የለም። ብዙ ሰው፣ የጤና ባለሙያ ሳይቀር፣ አንድ ቢሮ ተቀምጦ ትክክለኛውን ምደባ የሚያጸድቅ ይመስለዋል። የባክቴሪያ ስም አወጣጥ ደንብ አለ፤ ደንቡ የሚያየው ግን ስሙ በወጉ ወጥቶ በወጉ መታተሙን ብቻ ነው። የትኛው ከየትኛው ጋር ይመደብ የሚለው የሳይንሱ ክርክር ነው። አዲስ ስም በወጉ ከታተመ ሕጋዊ ነው፤ አሮጌውም በዚያ ምክንያት አይሰረዝም። ሁለቱንም መጠቀም ይቻላል። አንዳንድ ትልልቅ የጂኖም መረጃ ቋቶች አዲሱን ስም ስለያዙ ኢንተርኔት ላይ እሱ ይቀድምሃል። ስትፈልግ በሁለቱም ፈልግ፤ አለዚያ ግማሹ መረጃ ያመልጥሃል። ሰነድ ላይ ሲጻፍ ግን አሮጌው ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው፣ ቲቢ ነው አይደለም ወደሚለው። እዚህ ላይ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ነው ያሳሳታችሁ። ማይክሮስኮፑ ቲቢ ፖዘቲቭ አላለም። ያለው «አሲድ የማይፈታው ባክቴሪያ አለ» ነው። የዚህ ወገን ባክቴሪያዎች ግድግዳ ማይኮሊክ አሲድ የሚባል ሰም መሰል ስብ አለበት። ቀዩ ቀለም አንዴ በሙቀት ከገባ በአሲድ ቢታጠብም አይለቅም፤ ስለዚህ ሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ዘንግ ሆኖ ይታያል። የቲቢውም እንዲሁ ነው፣ የሥጋ ደዌውም እንዲሁ ነው፣ አብሴሰስም እንዲሁ ነው። በዓይን አይለዩም። አገራችን ቲቢ በብዛት ያለበት ስለሆነ አንድ የሚያስል፣ የከሳና የሚያልበው ሰው አክታ ላይ ቀይ ዘንግ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ቲቢ ነው፤ ለዚህ ነው ሐኪሙ መድኃኒት የጀመረው። አልተሳሳተም። በነበረው መረጃ ልክ ሠርቷል።

አንድ ነገር ላውጋህ። ድሮ የሠራሁበት አንድ ላብራቶሪ፣ ስሙን እንተወው፣ ለተወሰነ ጊዜ ደካማ ፖዘቲቭ በዛብን። ሰው ሁሉ ቲቢ ሆነ ወይ ብለን ተደናገጥን። በኋላ ሲታይ ስላይዱን የምናጥብበት ውኃ በቀጥታ ከቧንቧ የሚቀዳ ነበር፤ በርሜሉ ውስጥም ቆይቷል። የቧንቧ ውኃ ውስጥ የቲቢ ያልሆኑ የዚሁ ወገን ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ በቧንቧና በበርሜል ግድግዳ ላይ እንደሚያሙለጨልጭ አተላ ተጣብቀው ይራባሉ። ቀይ ዘንጎቹ ከሰው አክታ ሳይሆን ከበርሜላችን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ብቻውን ሲመጣልኝ በደንብ ነው የምጠይቀው።

ጂን ኤክስፐርቱ ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው። የቲቢን ቤተሰብ ዘረመል ብቻ ነው የሚያነሳው፤ አብሴሰስን አያይም፣ እንዲያይም አልተሠራም። «ኤምቲቢ አልተገኘም» ማለት «ምንም የለም» ማለት አይደለም። ምናልባት ሁለት ሳምንት መድኃኒት ስለወሰዱ ጠፍቶ ይሆናል ትል ይሆናል። ይሄ ብዙ አያስኬድም፤ ማሽኑ የሞተውንም ባክቴሪያ ዘረመል ስለሚያነሳ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ያህል የቲቢ ባክቴሪያ የነበረው ሰው በሁለት ሳምንት ኔጋቲቭ ይሆናል ተብሎ አይጠበቅም። ማይክሮስኮፕ ፖዘቲቭ፣ ጂን ኤክስፐርት ኔጋቲቭ፣ ካልቸሩ ደግሞ ኤንቲኤም፤ ሦስቱ እርስ በርስ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንድ ታሪክ ነው የሚያወሩት። ኤንቲኤም ማለት የቲቢም የሥጋ ደዌም ያልሆኑ የዚህ ወገን ባክቴሪያዎች የጋራ መጠሪያ ነው፤ ከአንድ መቶ በላይ ዝርያ በአንድ ጆንያ ማለት ነው። እንግዲህ ወረቀቶቹ የሚያመለክቱት ቲቢ ወዳልሆነው ነው። ያመለክታሉ እላለሁ እንጂ አበቃ አልልም፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ይዞ ሊገኝ ይችላልና ጂን ኤክስፐርቱ በአዲስ አክታ ይደገም።

የአክስትህ ወተት። አክስትህ የሰሙት ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ግን የሌላ ባክቴሪያ ታሪክ ነው። በጥሬ ወተት የሚመጣው ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ፣ የከብቱ ቲቢ ነው። እሱ ደግሞ የቲቢው ቤተሰብ አባል ስለሆነ ጂን ኤክስፐርት ላይ «ኤምቲቢ ተገኘ» ነበር የሚለው። የሚገርመው፣ በዚያው ማይኮባክቴሪየምን በአምስት በከፈሉበት በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ የሰውን፣ የከብቱን፣ የፍየሉን፣ በምዕራብ አፍሪካ የሚገኘውን ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው፣ በጂኖም ከ99 በመቶ በላይ አንድ ዓይነት ናቸው ብለው ጨፈለቋቸው። አንዱ ሰፈር ሲከፍሉ ሌላው ሰፈር ይደባልቃሉ። ሐኪም ግን ቦቪስን ለብቻው ማወቅ ይፈልጋል፤ ከአራቱ የቲቢ መድኃኒቶች አንዱ፣ ፒራዚናማይድ፣ በተፈጥሮው አይሠራበትም። እዚህ አገር የዕጢ ቲቢ፣ አንገት ላይ የሚያብጠው፣ ስለሚበዛ ለረጅም ጊዜ ከወተት ነው ይባል ነበር። በ2013 የታተመ ከ900 በላይ ናሙና ያየ ጥናት ግን የቦቪስ ድርሻ እጅግ ትንሽ መሆኑን አሳየ። ወተቱን ግን አፍሉት፤ በወተት የሚመጣው ቲቢ ብቻ አይደለም።

ያ ጥናት ሌላም ነገር አመጣ። በተለይ ወልዲያ አካባቢ ከተገኙ ናሙናዎች ውስጥ ከታወቁት የቲቢ ሐረጎች የማይገባ አንድ ሐረግ ወጣ፤ ሰባተኛው ሐረግ ተባለ። ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ ብዙም አይታይም። በላብራቶሪ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። በ2016 «አይቲዮፕስ ቬተስ» የሚል መጠሪያ ቀርቦለታል፤ ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ እንደማለት። እናትህን አይመለከትም፤ ግን የስም ነገር ከተነሳ ይቺን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ የራሳችን ናት።

አሁን ያስቀመጥኩትን ላንሳ። አብሴሰስ ስሙን ያገኘው መግል ከቋጠረ ጉልበት በመገኘቱ ነው፤ በ1953 ነው በዚህ ስም የተገለጸው። በኋላ ከኤሊ ከተገኘው ዘመዱ፣ ቼሎኔ ከሚባለው፣ ጋር አንድ ናቸው ተብሎ ተደባለቀ፤ በ1992 እንደገና ተለየ። በ2004 ማሲሊየንስ የሚባል ዘመድ መጣ፤ ማርሴይ ከተማ ላይ ስለተገለጸ በከተማዋ ጥንታዊ ስም ነው የተጠራው። በ2006 ቦሌቲ ተጨመረ። በ2011 ሁለቱ አንድ ይሁኑ ተባለ፤ በ2016 ደግሞ ለየብቻ ተመለሱ። ዛሬ ሦስት ንዑስ ዝርያ አለው፦ አብሴሰስ፣ ቦሌቲና ማሲሊየንስ። ያው ሰዎች መከፋፈል ይወዳሉ ትል ይሆናል። እዚህ ላይ ግን መክፈሉ ሕይወት ነው።

ለምን መሰለህ? አብሴሰስን ለማከም ዋናው ምሰሶ እነ አዚትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ናቸው። አብሴሰስና ቦሌቲ የሚባሉት ንዑስ ዝርያዎች አብዛኛውን ጊዜ ኧርም 41 የሚባል ጂን አላቸው፤ መድኃኒቱን ሲያዩ የሚነቃ ጂን ነው። ላብራቶሪ ውስጥ በሦስተኛው ቀን ስታየው መድኃኒቱ የሚሠራ ይመስላል፤ በ14ኛው ቀን ስታየው ባክቴሪያው ተላምዶ ቁጭ ብሏል። ማሲሊየንስ ላይ ይሄው ጂን የተቆረጠ ነው፤ አይሠራም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ይይዘዋል። ማሲሊየንስ የሆነ ሰው የመዳን ዕድሉ በጣም የተሻለ ነው። እንግዲህ የእናትህ ወረቀት «አብሴሰስ» ብሎ ሲያቆም ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አልነገራችሁም። የመድኃኒት ምርመራ ተሠርቶ ከሆነም የሦስተኛ ቀን ነው ወይስ የ14ኛ ቀን የሚለውን ጠይቁ። አንተ ማይኮባክቴሪየም ነው ማይኮባክቴሮይድስ እያልክ ስትጨነቅ ጉዳዩ የነበረው እዚያ ነው።

መጠንቀቅ ያለብህ ነገር አለ። ይህንን አንብበህ «አዚትሮ» ልግዛላት እንዳትል። ከፋርማሲ በሁለት ደቂቃ እንደሚገኝ አውቃለሁ። ይህን በሽታ በአንድ መድኃኒት ብቻ መነካካት ባክቴሪያውን ማስተማር ነው፤ ዋናው መድኃኒት ነው የሚበላሸው። የአብሴሰስ ሕክምና ሦስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት አንድ ላይ ነው፤ ከነዚህም እንደ አሚካሲንና ኢሚፔኔም ያሉት በደም ሥር የሚሰጡ ናቸው፤ ወራት ይወስዳል፣ ጆሮንና ኩላሊትን ስለሚጎዳም ክትትል ይፈልጋል። የተለመዱት የቲቢ መድኃኒቶች፣ ሪፋምፒሲንም ሆነ አይሶናያዚድ፣ ይህን ባክቴሪያ አይነኩትም። እናትህ ቲቢ ከሌለባቸው ጉበታቸው በከንቱ እየተፈተነ ነው ማለት ነው፤ ሐኪሙ ቶሎ ይይ የምለው ለዚህ ነው።

እንዳትቸኩል የሚያደርግ ሌላም ነገር አለ። አንድ ጊዜ ከአክታ ኤንቲኤም መውጣቱ ታማሚ ያደርጋል ማለት አይደለም። ባክቴሪያው ውኃና አፈር ውስጥ ያለ ነው፤ አፍ ውስጥ አልፎ ሊገኝ፣ እንደ በርሜላችን ናሙናውን ሊበክል ይችላል። በሽታ ለመባል ሦስት ነገር መግጠም አለበት፤ ምልክት ይኑር፣ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ሳንባው ላይ የሚታይ ነገር ይኑር፣ ባክቴሪያው በተለያየ ጊዜ ከተሰጠ ቢያንስ ሁለት አክታ ውስጥ ይውጣ፤ ያውም ያው ዝርያ። ከዚያም ሌላው ምክንያት ሁሉ ይጣራ። አንተ የጻፍከው አንድ ካልቸር ነው፤ ካልቸሩ ከየትኛው ቀን አክታ እንደተላከም አልነገርከኝም። ምልክታቸው ግን እውነተኛ ነው። እናትህ ከዚህ በፊት ቲቢ ታክመው ያውቃሉ? ይሄ ባክቴሪያ ጤነኛ ሳንባን ብዙም አይደፍርም፤ የተጠባሰ፣ የአየር ቧንቧው የሰፋ ሳንባ ነው የሚወደው። አሮጌ ጠባሳ ካላቸው ነገሩ ይበልጥ ይመዝናል። የኤችአይቪ ምርመራም ካልተደረገ ይደረግ፤ ሕክምናው ላይ ለውጥ ያመጣል።

ስለ ልጆቹ። ኤንቲኤም እንደ ቲቢ ከሰው ወደ ሰው በሳል አይዛመትም፤ ይተላለፋል ተብሎ የተጠረጠረው በዘር የሚወረስ ልዩ የሳንባ በሽታ ያለባቸው ሕሙማን ተሰብስበው በሚታከሙበት ቦታ ነው። ሌላ ሳህን፣ ሌላ ኩባያ የሚባለውን ተዉት፤ እሱ ለቲቢም አይሠራም። ነገር ግን ቲቢ አለመኖሩ እስኪረጋገጥ መስኮት ክፈቱ፤ ልጆቹ ለጊዜው ከሳቸው ጋር አንድ መደብ ላይ አይደሩ። የተደገመው ጂን ኤክስፐርት ኔጋቲቭ ሆኖ ሐኪሙም ከተስማማ ይሄም ይቀራል።

ጣናንም አትውቀሱ። ዘጌ ስለሚኖሩ ከሐይቁ ነው የሚል ሰው ይመጣባችኋል፤ አሁኑኑ ልንገርህ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ባሕር ዳር መሀል ባለ የሻወር ቧንቧም አሉ። የት እንደያዛቸው ማወቅ አይቻልም፤ ቢታወቅም ሕክምናውን አይቀይርም።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ሐኪሙ ጋ ስሄድ ሦስቱንም ወረቀት፣ ራጁንም ጭምር እይዛለሁ። «ይህ የሚያመለክተው ኤንቲኤም አይደለም ወይ፣ የቲቢው መድኃኒት ይቀጥል ወይ» ብዬ በቀጥታ እጠይቃለሁ። እዚህ ያለው ክሊኒክ ይህን ብዙ አይቶ አያውቅ ይሆናል፤ የሳንባ ወይም የተላላፊ በሽታዎች ስፔሻሊስት ወዳለበት ይጻፍልን እላለሁ። ከዚያ በሁለት የተለያዩ ቀናት አክታ ይሰጥ፤ ጠዋት ቁርስ ሳይቀመስ፣ አፍ በቧንቧ ውኃ ሳይሆን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ተጉመጥሙጦ፣ ከደረት ጥልቅ የወጣ፣ ደጅ አየር ላይ። ምራቅ አይደለም፤ ምራቅ ከላኩ ሁለት ወር ጠብቀው ባዶ ወረቀት ነው የሚመጣላቸው። ማዘዣው ላይ «ኤንቲኤም ተጠርጥሯል፣ ንዑስ ዝርያው ይለይ» ተብሎ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ላብራቶሪው ቲቢ አለመሆኑን ብቻ አይቶ ሊዘጋው ይችላል። ንዑስ ዝርያውን የሚለየው ምርመራ በሁሉም ቦታ ስለሌለ ናሙናው እንደገና አዲስ አበባ ይሄድ ይሆናል፤ መዘግየቱን ታገሡ። ይህ በሽታ በቀን ሳይሆን በወር የሚሄድ ነው፤ ደም ካስተፋቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ትኩሳቱ ካየለ ግን ውጤት ሳትጠብቅ ያን ቀኑን ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።

ካርዳቸው ላይም በአሮጌው ስም «ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ» ተብሎ ይጻፍላቸው፤ ከሥሩ «ቲቢ አይደለም» የሚል ይጨመርበት፣ ሐኪሙ ይህን ካረጋገጠ በኋላ። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ከአብሴሰስ ቀጥሎ ያለውን ቃል ፈልግ። ባዶ ከሆነ መልሰህ ጠይቃቸው።